ላንድክሩዘሬን ከቤንዚን ወደ ናፍጣ ካዞርኩ 9 ወሬ

መኪናዬ ኤፍጄ 60 ላንድክሩዘር ናት። የበፊቱ ሞተሯ 2ኤፍ የሚባለው ባለ 6 ሲሊንደር ቤንዚን ነበር። ጠንካራ ነው፤ ግን ይጠጣል። በሊትር 5 ኪሎ ሜትር ከሄደችልኝ ተመስገን ነው። በዚያ ላይ የድሬ ሙቀት አለ። በቀትር ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት መውጣት ስንጀምር ቤንዚኑ መስመሩ ውስጥ ይተንና ሞተሩ ቀጥ ይላል። የቤንዚን ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ጥላ ስር ስንት ቀን እንደተቀመጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

በመጨረሻ 1ኤችዜድ አስገባሁ። 4.2 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ነው። የመረጥኩት መለዋወጫው ስለማይቸግር፣ የመካኒኮቹም እጅ ስለለመደው ነው። ያገለገለ ሞተር ስለሆነ ስንት እንደሄደ አይታወቅም። ስለዚህ ገና ሳይገባ የታይሚንግ ቺንጊያውን አስቀየርኩ። በ100,000 ኪሎ ሜትር መቀየር ያለበት ነገር ነው፤ ከተበጠሰ ሞተሩን ይዞት ይሄዳል።

አሁን በሊትር 8 ትሄዳለች። ደንገጎን በሦስተኛ ማርሽ፣ ሳትፈላ፣ ዝግ ብላ ትወጣለች። የጫነ አይሱዙ አልፋለሁ፤ ሚኒባሶቹ ደግሞ ጥሩምባ እየነፉ እኔን ያልፉኛል። ሐረር ስደርስ ትንፋሿ ትንሽ ያጥራል፤ ከተማዋ ከድሬ 700 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፣ አየሩም ይሳሳል። «ቱርቦ ጨምርባት» የሚሉኝ አሉ። መካኒኬን ስጠይቀው «አቦ ተወው! ቴስታታው ይሰነጠቅብሃል» አለኝ፤ የሞተሩን የላይኛውን ክዳን ማለቱ ነው። ተውኩት። በኤረር በኩል አሸዋው ላይ ግን ማንንም አልቀናም። ነዳጅ ሳልረግጥ በዝቅተኛው ማርሽ ራሷ ትሳባለች።

ሞተሩ እስካሁን አንድ ቀን አላስቸገረኝም። ያስቸገሩኝ ከሱ ጋር የመጡት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። ዋናው ፍሬኑ ነው። የቤንዚን ሞተር ፍሬን የሚያለሰልሰውን ቫኪዩም ራሱ ይስባል። ናፍጣው አይስብም፤ ስለዚህ ከዲናሞው ጀርባ ትንሽ ፓምፕ ተለጥፋለታለች። በአራተኛው ወር ሐረር ላይ ዲናሞው ተቃጠለ። ኤሌክትሪሺያኑ ሌላ ገጠመልኝ፣ ባትሪው ሞላ፣ ከፈልኩና ወጣሁ። ደንገጎን ስወርድ ግን የፍሬኑ ፔዳል ድንጋይ ሆነ። ሁለተኛ ማርሽ ይዤ፣ ባለ በሌለ ጉልበቴ እየረገጥኩ፣ ጥግ ያዝኩ። ኮፈኑን ስከፍት ከፓምፗ የምትወጣው ቀጭን ጎማ ዘይት ጠጥታ ተንጠልጥላለች። ማሰሪያዋን አላጠበቀውም ነበር። በካቻቢቴ የአንድ ደቂቃ ስራ! ዲናሞ ያስነካ ሰው ከጋራዥ ከመውጣቱ በፊት እሷን ይይ።

የሞተሩ የዙር መቁጠሪያ መርፌ ደግሞ ሞተሩ ከተቀየረበት ቀን ጀምሮ ዜሮ ላይ ተኝቷል። የሚያነበው ለካንዴላ እሳት ከሚሰጠው ኮይል ነበር፤ ናፍጣ ኮይል የለውም። ማርሽ በጆሮዬ እቀይራለሁ።

ወረቀቱም ቀላል አይደለም። የሞተር ቁጥሩ ሊብሬ ላይ እስኪስተካከል 2 ወር ተመላለስኩ። የጉምሩክ ወረቀት (ዲክላራሲዮን) የሌለው ሞተር በነጻ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ። የነዳጅ ክዳኑ ላይም በቀይ ቀለም «ናፍጣ» ብዬ ጽፌያለሁ፤ አንዱ ቀጂ በልማድ ቤንዚን ሊሞላባት ሲል ደርሼበታለሁ። ሰልፉ? አሁን ከተሳቢዎቹ ጋር ነው የምሰለፈው። ቁርሴን እዚያው እበላለሁ።

ከ90 በላይ ስትሄድ ወሬ አይሰማም። እናቴ ግን ጩኸቱን ወዳዋለች። ገና ከአስፋልቱ ሳልታጠፍ ድምጿን ሰምታ የግቢውን በር ታስከፍትልኛለች።