«ከረጢቱ ምን በደለህ?» ላሉኝ የቦክስ አሰልጣኝ ምስጋናና ጥቆማ

ላለፉት ስምንት ወራት ቦክስ ላሠለጠኑኝ ሰው በአደባባይ ምስጋናዬን ለማቅረብ፣ ስፖርቱን ልትጀምሩ ወይም ከጉዳት በኋላ ልትመለሱ የምታስቡትንም ወደ እርሳቸው ለመጠቆም ይህን ጽፌአለሁ። ስማቸው እንዲወጣ ስላልፈለጉ እዚህ አልጠቅሰውም፤ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ግን በደስታ አገናኛለሁ።

ወደ እርሳቸው የሄድኩት የቀኝ እጄ አንጓ ተጎድቶ ለስድስት ሳምንታት ጓንት ሳላጠልቅ ከቆየሁ በኋላ ነው። ቀድሞ በሠለጠንኩበት ቦታ የምት ጥሩነት የሚለካው በድምፁና ተንጠልጥሎ የሚመታው የልምምድ ከረጢት በሚወዛወዝበት ርቀት ስለነበር፣ እኔም የእግር አቋሜ እንኳን ሳይስተካከል ያለ የሌለ ጉልበቴን ከረጢቱ ላይ ማራገፍን እንደ ሥልጠና ይዤው ነበር። አንድ ቀን ሁክ (ክርን ታጥፎ ከጎን የሚሰነዘር ምት) ስሰነዝር ቡጢዬ ሲያርፍ አንጓዬ ወደ ውስጥ ታጠፈ።

አዲሱ አሰልጣኜ በመጀመሪያው ቀን አንድ ዙር ሙሉ እንደ ልማዴ እንድመታ ተዉኝና፣ የዙሩ ሦስት ደቂቃ ሲያልቅ ወዲያ ወዲህ የሚንገላታውን ከረጢት በሁለት እጃቸው ይዘው አቆሙት። «ከረጢቱ ምን በደለህ?» አሉኝ። ከዚያም ጓንት አጥልቀው አንድ ጃብ (በፊተኛው እጅ ቀጥ ብሎ የሚሰነዘር ፈጣን ምት) አሳረፉበት፤ ከረጢቱ ከቦታው እምብዛም ሳይርቅ መሃሉ እጥፍ ብሎ ተንቀጠቀጠ፣ የተንጠለጠለበት ሰንሰለትም አንዴ ቅጭል ብሎ ዝም አለ። እኔ ለካ ከረጢቱን ስገፋው እንጂ ስመታው አልነበረም፤ ቡጢዬ ካረፈ በኋላ እጄን ቶሎ ከመመለስ ይልቅ ተደግፌበት እቆይ ነበር።

«ታዲያ ምን ያህል ጠንክሬ ልምታ?» ብዬ ስጠይቃቸው የሰጡኝ መልስ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ሰውነት እስኪሞቅ በቀላሉ፣ አብዛኛውን ሥልጠና ደግሞ ካለኝ ጉልበት ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ በሚሆነው እንድመታ፣ ሙሉውን ጉልበት ግን ለተቆጠሩ ጥቂት ምቶች ብቻ እንዳስቀምጠው ነገሩኝ። መለኪያው ከረጢቱ ሳይሆን የራሴ አቋም ነው፤ ክርኔ ወደ ውጭ ከወጣ፣ አገጬን የሚጠብቀው እጄ ከወረደ ወይም ከምቱ በኋላ እግሬ ወደ ፊት ከተሳበ፣ ጉልበቱ ከልኩ አልፏልና ወዲያውኑ ይቀነሳል። ከረጢት መልሶ ስለማይመታ፣ ሁልጊዜ በሙሉ ኃይሉ የሚደበድበው ሰው መከላከልን ቀስ በቀስ እንደሚረሳም ያስተዋልኩት በእርሳቸው ዘንድ ነው።

ጉልበት ከእግር ተነሥቶ በዳሌና በትከሻ በኩል ወደ እጅ እንደሚደርስ፣ ቡጢም እስከሚያርፍበት ቅጽበት ድረስ ላላ ብሎ መሄድና ሲያርፍ ብቻ መጨበጥ እንዳለበት ደጋግመው አሠርተውኛል። ምቱ የሚያርፈው በሌባ ጣትና በመሃል ጣት አንጓዎች ነው፤ ከእነርሱ በስተኋላ ያሉት የመዳፍ አጥንቶች ከክንድ ጋር ቀጥ ብለው ኃይሉን ስለሚያስተላልፉ ነው። ከትንሿ ጣት በስተኋላ ያለው አጥንት ግን በቀላሉ ይሰበራል፤ ሐኪሞችም ይህን ጉዳት «የቦክሰኛ ስብራት» ይሉታል። (ስሙ ቦክሰኞችን ቢያማም፣ በብዛት የሚደርሰው ቡጢ አጨባበጥ ባልተማሩና ተናደው ግድግዳ በሚመቱ ሰዎች ላይ ነው።)

ጥቆማዬ ግን ለሁሉም ሰው አይደለም። ቶሎ ላብ አውጥቶ መሄድ የሚፈልግ ሰው በእርሳቸው ትዕግሥቱ ያልቃል፤ እኔን ከዚያ የመጀመሪያ ቀን በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከመስታወት ፊት እንጂ ከረጢት አጠገብ አላደረሱኝም። አራት ሜትር ተኩል የሚሆነውን የእጅ ፋሻ ጠምጥሜ ስጨርስ በአውራ ጣታቸው አንጓዬን ጫን ብለው ይፈትሹና፣ ከላላ ያስፈቱኛል፤ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ አስፈትተውኝ በሆዴ የተማረርኩበት ጊዜ አለ። ለከረጢት ባለ 10 ኦንስ (ኦንስ የጓንት ክብደት መለኪያ ነው) የውድድር ጓንት ይዞ የመጣንም ወፈር ያለ፣ ባለ 14 ወይም ባለ 16 ኦንስ እንዲያደርግ ይመልሱታል። በአንጻሩ ጉዳት ደርሶበት ለሚመለስ፣ ዕድሜው ለገፋ ወይም ፈጽሞ ለጀማሪ ሰው ከእርሳቸው የተሻለ አላየሁም።

ባለፈው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ በቀኝ እጄ አሥር ምት በሙሉ ጉልበቴ እንድመታ ፈቀዱልኝ፤ ራሳቸው ጮክ ብለው እየቆጠሩ ነበር። አሥረኛው ሲያርፍ ከረጢቱ እጥፍ አለ፣ ሰንሰለቱም አንዴ ቅጭል አለ፤ አንጓዬ ምንም አላለኝም። አሥራ አንደኛውን ለመሰንዘር እጄን ሳነሣ አሰልጣኜ የጓንቴን ማሰሪያ መፍታት ጀምረው ነበር። ከልብ አመሰግናለሁ።