«የዓሣ ጥብስ» ብለው ሲያዙ የሚመጣልዎት የትኛው ነው?

በባሕር ዳር፣ ከጣና ዳርቻ ካሉት ዓሣ ቤቶች በአንዱ የምግብ ዝርዝር ላይ «የዓሣ ጥብስ» የሚለው ስም ሁለት ቦታ፣ በተለያየ ዋጋ ሰፍሯል። የመጀመሪያው ሙሉ ዓሣ በዘይት የተጠበሰ ሲሆን፣ ሁለተኛው አጥንቱ ወጥቶ ከተቆራረጠ በኋላ በሽንኩርት፣ በቃሪያና በጥብስ ቅጠል እየተገላበጠ የሚሠራው ነው። ለነገሩ ጥብስ የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸከማል፤ በፍም ላይ የሚዞረው የበቆሎ እሸትም፣ እንቁላሉም፣ በቅቤ የሚቁላላው የበሬ ሥጋም በዚሁ ስም ይጠራሉ። ሥጋ ቤት የለመደ እንግዳ ቃሉን ሲሰማ ሸክላ ጥብስ ይታየዋል፤ የጣና ዳር ሰው ግን ዓሣ ቤት ገብቶ «ጥብስ» ካለ የሚጠብቀው ከነጭንቅላቱ የሚቀርበውን ቆሮሶ የተባለ የዓሣ ዓይነት ነው።

በዚያ ቤት ሙሉው ጥብስ በእጅጉ የተዋጣለት ነው። ቅርፊቱ ተፍቆ ሆድ ዕቃው ከወጣ በኋላ ጎንና ጎኑን በቢላ ይበጡታል፤ ጨው ይነሰንሱበትና ውኃው እስኪንጠፈጠፍ ያቆዩታል። ይህን መታገሥ የማይወዱ ቤቶች አሉ፤ እርጥብ ዓሣ የጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ ዘይቱ ይረጫል፣ ቆዳውም መጥበሻው ላይ ተጣብቆ ይላጣል። እዚህ ግን ቆዳው ሳይቃጠል ኩርሽም ኩርሽም ይላል፤ የተበጣው ቦታ ተከፍቶ ውስጡ ነጭና እርጥብ ሆኖ ይታያል። ሎሚና ሚጥሚጣ ይበቃዋል። በዚሁ አሠራር «ነጭ ዓሣ» የሚባለውን ሌላ ዓይነትም ይጠብሳሉ፤ ጣዕሙ ከቆሮሶው አይተናነስም፣ ሆኖም ቀጫጭን አጥንቱ ብዙ ስለሆነ ለልጆች አይመከርም።

ሁለተኛው ጥብስ አላስደሰተኝም። የዓሣ ሥጋ እንደ በሬ ሥጋ ስላልጠነከረ ቶሎ ይበስላል፣ ሲገላበጥም ይፈራርሳል፤ ስለዚህ ሽንኩርቱ እስኪበስል የሚጠብቅ ምግብ አብሳይ በመጨረሻ የሚያቀርበው ፍርፋሪ ነው። ቲማቲም ጨምረው ጉላሽ ቢሉት ኖሮ ቅሬታ ባልኖረኝ።

በጾም ወራት ቃሉ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ዓሣን ከጾም ምግብ የሚቆጥር አለ፣ የማይቆጥርም አለ፤ ያ የየሰው ጉዳይ ነው። ዓሣ የሚበላው ጿሚ ግን መጥበሻው ቅቤ ነክቶት እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል። አስተናጋጇን ስጠይቃት ዓሣው በዘይት ብቻ፣ በራሱ መጥበሻ እንደሚጠበስ ነገረችኝ፤ ይህን የመሰለ ነገር ከዝርዝሩ ላይ መቅረቱ ያስገርማል። ለጊዜው ግር እንዳይልዎ «ሙሉውን፣ በዘይት» ብለው ይዘዙ፤ ዋጋው እንደ ዓሣው መጠን ስለሚለያይም ከመጠበሱ በፊት ዓሣውን አይተው መምረጥ ይሻላል።