«ጳፉና ስልማና በአንድ ቀን»፦ ለቆጵሮስ ጉብኝት ቀብድ ከመላካችሁ በፊት

«የቆጵሮስ ቅዱሳትና ጥንታዊ ሥፍራዎች፣ በአንድ ቀን፣ ከአማርኛ አስጎብኚ ጋር፣ መግቢያና ምሳ ጭምር» የሚል ማስታወቂያ በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ከደረሳችሁ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ። በተለይ ከእስራኤል አንድ ሰዓት ገደማ በርራችሁ ላርናካ የምትወርዱና ከአውሮፓ ለመንፈሳዊ ጉዞ በማኅበር የምትሄዱ ወገኖች ልብ በሉ።

ቆጵሮስ ለእኛ ባዳ አገር አይደለችም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 13 ላይ ጳውሎስና በርናባስ የሰበኩባቸው ስልማናና ጳፉ እዚያው ናቸው፤ ዛሬ ሰላሚስና ፓፎስ ይባላሉ። ቅዳሴው በእኛ ቤተ ክርስቲያን ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ የሆነው ኤጲፋንዮስም የዚያችው የስልማና ጳጳስ ነበር፤ የሠራው ባዚሊካ ፍርስራሽ አሁንም ይታያል። ሻጮቹ ይህን ፍቅር ያውቁታል፤ ዋጋውን የሚቆልሉትም በዚሁ ነው። በቆጵሮስ የፍርስራሾቹ መግቢያ ርካሽ ነው፤ መንገዱም ደህና ነው። ትልቁን ገንዘብ የምትከፍሉት ለሰዓትና ለአዋቂ አስጎብኚ ነው። ይህ ጥቅል የሚያጎድልባችሁ ደግሞ እነዚህኑ ሁለቱን ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱን አስሉት። ከላርናካ ፓፎስ በአውራ ጎዳናው 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ተኩል በላይ። ከፓፎስ ወደ ሰላሚስ ደሴቲቱን ከዳር እስከ ዳር መመለስ ነው፤ ወደ 190 ኪሎ ሜትር። ከሰላሚስ ላርናካ እንደገና አንድ ሰዓት ያህል። መንዳቱ ብቻ አምስት ሰዓት ይበላል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተነስቶ ማታ አንድ ሰዓት የሚመለስ ጉዞ 12 ሰዓት አለው እንበል። አምስቱን ለመንገድ ቀንሱ። በየሆቴሉ እየዞሩ ሰው ለመልቀምና ለማውረድ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለምሳ አንድ ሰዓት፣ ለሱቅ ማቆሚያ ሦስት ሩብ ሰዓት፣ ወደ ሰላሚስ የሚያሻግረውን የደቡብና የሰሜን ኬላ ሄዶ ለመመለስ ደግሞ በትንሹ ሠላሳ ደቂቃ ይሄዳል። የሚተርፈው ሦስት ሰዓት ከሩብ ነው። ማስታወቂያው ላይ የፓፎስ ሞዛይኮች (ወለል ላይ በጠጠር የተሠሩ ሥዕሎች)፣ የነገሥታት መቃብር፣ በመንገዱ ላይ ያለው የኩሪዮን ጥንታዊ ከተማ ፍርስራሽ፣ ሰላሚስና የቅዱስ በርናባስ ገዳም ተደርድረዋል። ለእያንዳንዱ አርባ ደቂቃ እንኳ አይደርስም፤ ያውም ከመኪና ማቆሚያው እስከ በሩ የሚሄደው እዚሁ ውስጥ ተቆጥሮ ነው።

የፓፎሱን ጥንታዊ መናፈሻ ብቻ እንኳ በወጉ ለማየት ሁለት ሰዓት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1962 በአጋጣሚ የተገኘው ባለ ሞዛይኩ የዲዮኒሶስ ቤት ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት መተላለፊያ እየሄዱ ከላይ የሚያዩት ነው፤ መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ አንድ ሌላ ቡድን ከፊት ከገባ ሃያ ደቂቃ ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ። ችኩል አስጎብኚ ይህን ቤት አሳይቶ ይመልሳችኋል፤ የቴሴዎስንና የአዮንን ቤት ሳታዩ «ፓፎስን አየን» ትላላችሁ።

በኩሪዮንም ያው ነው። አውቶቡሱ ቴአትሩ አጠገብ ያቆማል፤ ሁሉም ባሕሩን ከኋላው አድርጎ ፎቶ ይነሳና ይመለሳል። ከቴአትሩ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ግን የኤውስቶሊዮስ ቤት አለ። ወለሉ ላይ በግሪክኛ በጠጠር የተጻፈ ጽሑፍ አለ፤ ይህ ቤት በትልልቅ ድንጋይና በብረት ፋንታ የክርስቶስን ምልክቶች ታጥቋል ይላል። በመታጠቢያው ክፍል ወለል ላይ ክቲሲስ የተባለች ሴት ተሥላለች፤ በቀኝ እጇ የያዘችው ዘንግ የሮማውያንን አንድ ጫማ የሚያህል መለኪያ ነው። በመንፈሳዊ ጉዞ ስም የሚሸጥ ጉብኝት ይህን ከዘለለ ምኑን አሳየ? ከመክፈላችሁ በፊት «በኩሪዮን የኤውስቶሊዮስን ቤት እንገባለን ወይ? ስንት ደቂቃ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ ስሙን ካላወቀው መልሳችሁን አገኛችሁ።

ሌላው የኩሪዮን ማጭበርበሪያ የአፖሎ ሂላቴስ መቅደስ ነው። «ኩሪዮንና የአፖሎ መቅደስ» ተብሎ አብሮ ይጻፋል፤ ነገር ግን መቅደሱ ያለው በስተ ምዕራብ ሁለት ኪሎ ሜትር አልፎ ነው፤ በሩም ትኬቱም የብቻው ነው። ብዙ ጊዜ ከአውቶቡሱ መስኮት «ያውላችሁ» ተብሎ ይታለፋል።

አሁን ወደ መግቢያው ዋጋ። የፓፎስ መናፈሻ 4.50 ዩሮ፣ ኩሪዮን 4.50፣ የነገሥታት መቃብር 2.50፣ ኪሮኪትያ (የድንጋይ ዘመን መንደር ፍርስራሽ) 2.50 ዩሮ ነው። የጥንታዊ ቅርሶች መምሪያው የሚሸጠው የአንድ ቀን የጋራ ትኬት 8.50፣ የሦስት ቀኑ 17፣ የሰባት ቀኑ 25 ዩሮ ነው። ዋጋ ይሻሻላልና በሩ ላይ የተለጠፈውን እዩ፤ ልኩ ግን ይህ ነው። ስለዚህ ለእነዚህ ሥፍራዎች «መግቢያ ለብቻው 30 ዩሮ» የሚላችሁ ሰው ሃያ ዩሮ ገደማ ከኪሳችሁ እየወሰደ ነው። ነፃ ለሆነውም የሚያስከፍሉ አሉ። ላርናካ ያለው የቅዱስ አልዓዛር ቤተ ክርስቲያን፣ ፓፎስ ያለው የቅዱስ ጳውሎስ ዓምድ፣ የአግያ ሶሎሞኒ ዋሻ መቃብር፣ በባሕሩ ዳር ያለው የአፍሮዲቴ ዓለት መግቢያ አይጠየቅባቸውም። ለቤተ ክርስቲያኑ ሙዳየ ምጽዋት በፈቃዳችሁ ብትጥሉ የእናንተ ነው፤ አስጎብኚው ግን «ለካህኑ» ብሎ ከየሰው አምስት አምስት ዩሮ የሚሰበስብበት ምክንያት የለም።

«አማርኛ አስጎብኚ» የሚለውን ቃል በጣም ጠርጥሩ። በቆጵሮስ ማስጎብኘት ፈቃድ የሚያስፈልገው ሙያ ነው፤ ፈቃድ ያለው ሰው መታወቂያ ባጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። ያለ ፈቃድ በፍርስራሾቹ ውስጥ ቆሞ ቡድን የሚያስረዳ ሰው ሠራተኞቹ ሊያስቆሙት ይችላሉ፤ ያኔ የእናንተ «አስጎብኚ» በሩ ላይ ቆሞ «እናንተ ግቡና እዩ፣ እዚህ እጠብቃችኋለሁ» ይላል። ትክክለኛው አሠራር ፈቃድ ያለው አስጎብኚ በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ እያስረዳ አጠገቡ የሚያስተረጉም ሰው መኖሩ ነው። ስለዚህ ሁለት ሰው መኖር አለበት። አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ሾፌሩም፣ ገንዘብ ተቀባዩም፣ አስረጂውም እሱ ነው ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ሰው የሚናገረውም ነገር ያጠራጥራል። ለምሳሌ የነገሥታት መቃብር ስሙ ነው እንጂ ንጉሥ የተቀበረበት አይደለም፤ የባለ ሥልጣናትና የባለጠጎች መቃብር ነው። በጳውሎስ ዓምድም ሐዋርያው «አንድ ሲጎድል አርባ» የተገረፈበት የሚባለው የአካባቢው ትውፊት ነው፤ የሐዋርያት ሥራ ስለ ጳፉ የሚተርከው የአገረ ገዢውን የሰርግዮስ ጳውሎስን ማመንና የጠንቋዩን የኤልማስን መታወር ነው። ትውፊቱን እንደ ትውፊት ማክበር ደግ ነው፤ አዋቂ አስጎብኚ ሁለቱን ለይቶ ይነግራችኋል።

መኪናውንም እዩት። አገር ቤት ቀይ ታርጋ ታክሲ ነው ብለን ስለለመድን አያስደነግጠንም፤ በቆጵሮስ ግን ቀይ ታርጋ የኪራይ መኪና ምልክት ነው። ሆቴል ድረስ መጥቶ የሚወስዳችሁ ቫን ቀይ ታርጋ ከሆነ፣ ሰውዬው ለራሱ ብሎ በተከራየው መኪና ገንዘብ ከፋይ ተሳፋሪ እየጫነ ነው። አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ «ለንግድ አልተዋዋልንም» ብሎ ሊሸሽ ይችላል። አትሳፈሩ።

የሰሜኑ ጉዳይ ከሁሉም የከበደ ነው። ሰላሚስና የበርናባስ ገዳም ያሉት የቆጵሮስ መንግሥት በማይቆጣጠረው በቱርኮች በኩል ነው። ማስታወቂያው ይህን አይጽፍም፤ ኬላው ላይ ስትደርሱ ነው የሚነገራችሁ። ሁለት ቁጥጥር አለ፦ ስትሄዱ የወዲያኞቹ፣ ስትመለሱ የደቡቡ ፖሊስ ሰነድ ያያሉ። ፎቶ ኮፒ ወይም ስልክ ላይ ያለ ሥዕል አይሆንም፤ ዋናው ፓስፖርት (ለአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ዋናው መታወቂያ) ያስፈልጋል። ከቡድኑ አንዱ ፓስፖርቱን ሆቴል ከረሳ ወይ ሁሉም ይመለሳል፣ ወይ እሱ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ለዚያ ገንዘብ የሚመልስ የለም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ወይም የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ብቻ ያላችሁ፣ መሻገሩን ራሳችሁ ከቆጵሮስ ቆንስላ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የሻጩን «ችግር የለም» አትመኑ።

የመኪናውም ኢንሹራንስ ኬላው ላይ ይቆማል። በደቡብ የተከራየ መኪና ሽፋኑ ወደ ሰሜን አይሻገርም፤ ኬላው ላይ ሌላ ይገዛል፣ እሱም የሚሸፍነው በሌላ ሰው ላይ የደረሰውን ጉዳት እንጂ የራስን መኪና አይደለም። ብዙ አከራዮችም መሻገሩን ጭራሽ ይከለክላሉ። በደቡብ ፈቃድ ያለው አስጎብኚም በሰሜን ማስጎብኘት አይችልምና በዚያ በኩል ሌላ ሰው መቀጠር አለበት፤ «የሰሜኑ አስጎብኚ ክፍያ» ተብሎ ዱብ ዕዳ የሚመጣው በዚህ ነው። ዋጋው ውስጥ መኖሩን በጽሑፍ አስፈርሙ።

በዓል ላይም ተጠንቀቁ። ጥንታዊ ሥፍራዎቹ በታኅሣሥ 25፣ በጥር 1 (በፈረንጆቹ) እና በኦርቶዶክሱ ትንሣኤ እሑድ ዝግ ናቸው። የእነሱ ፋሲካ ከእኛው ፋሲካ ጋር በአንድ ቀን ስለሚውል «የፋሲካ ልዩ ጉብኝት» ተብሎ ለእሑዱ የተሸጠላችሁ ጉዞ የተቆለፈ በር ላይ ነው የሚያደርሳችሁ። የእኛ ገና ግን በእነሱ ተራ ቀን ነው፤ ክፍት ነው።

ስለ ሱቁ ብዙ አልልም። ወደ ኪሮኪትያ የሚሄድ ብዙ ጉብኝት ሌፍካራ መንደር ላይ የሚቆመው መንደሩ በዳንቴልና በብር ሥራው ስለታወቀ ነው፤ መንደሩ ያምራል፣ ነገር ግን አንድ ሱቅ ውስጥ ብቻ አስገብተው በር ላይ የሚጠብቋችሁ ከሆነ ኮሚሽን አለበት። በእጅ የተሠራ ዳንቴል ጀርባው እንደ ፊቱ ንጹሕ ነው፤ ገልብጣችሁ እዩ።

ገንዘቡን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገራችሁ። የአውሮፓ ኅብረት የጥቅል ጉዞ ሕግ (መመሪያ 2015/2302) ከ24 ሰዓት በታች ሆኖ አዳር የሌለውን ጉዞ አይሸፍንም። በኢንተርኔት የገዙትን በ14 ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል የሚባለውም መብት ቀኑ ተቆርጦ ለተያዘ የመዝናኛ አገልግሎት አይሠራም። ስለዚህ በአንድ ቀን ጉዞ ላይ ያላችሁ ዋና መከታ ሁለት ነው፦ በጽሑፍ የተቀበላችሁት የስረዛ ውልና የከፈላችሁበት ካርድ። ቀብዱን በግለሰብ የባንክ ሒሳብ፣ በሐዋላ ወይም በእጅ ከሰጣችሁ ሁለተኛውን ጣላችሁት። የኩባንያው ስም፣ የሚነሣበት ሰዓት፣ በየቦታው የሚቆይበት ደቂቃ፣ መግቢያው መካተቱ፣ የአስጎብኚው ቋንቋ፣ ሲሰረዝ የሚመለሰው መጠን፤ እነዚህ በአንድ ወረቀት ላይ ካልሰፈሩ አትክፈሉ።

ማየቱን ግን አትተዉ፤ ለሁለት ቀን ክፈሉት። አንዱን ቀን ፓፎስ እደሩ፤ ጠዋት በሩ ሲከፈት 2፡30 ላይ መናፈሻው ግቡ፣ በበጋ ጥላ የሚባል የለምና ባርኔጣና ለሰው አንድ ሊትር ተኩል ውኃ ያዙ፤ ከወደቡ በ615 ቁጥር አውቶቡስ ወደ ነገሥታት መቃብር ሂዱ፤ የጳውሎስ ዓምድ በእግር ነው። ስልማናን ለብቻው ከላርናካ ያዙት፤ ቅርብ ነው፣ ለባዚሊካውና ለበርናባስ መቃብር በቂ ሰዓት ይተርፋል። ስድስት ሰባት ሰው ከሆናችሁ ፈቃድ ያለውን አስጎብኚ በጋራ መቅጠር ለየብቻ ከሚከፈለው የአውቶቡስ ወንበር ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

ከፍላችሁ ከሆነና የተባለው ካልተፈጸመ፣ ማስታወቂያውን፣ የተጻጻፋችሁትንና ደረሰኙን ሳይጠፋ በፎቶ አስቀሩ፤ የቴሌግራም መልእክት ሻጩ ከእናንተም ስልክ ላይ ሊያጠፋው ይችላል። ከዚያ በጽሑፍ ገንዘባችሁን ጠይቁት፣ መልስ የሚሰጥበትን ቀን ቁረጡለት፣ ዝም ካለ ካርዱን ለሰጣችሁ ባንክ «አገልግሎቱ አልተሰጠም» ብላችሁ አመልክቱ። ባንኮች ለዚህ የጊዜ ገደብ አላቸውና ከጉዞው በተመለሳችሁበት ሳምንት አድርጉት።