ቴክኖ ልግዛ ወይስ ሳምሰንግ? ለምትጠይቁኝ ሁሉ

በዚህ ወር ብቻ አምስት ሰው "ስልክ ልገዛ ነው፣ የቱ ይሻለኛል?" ብሎኛል፣ አንዴ ጽፌው ልገላገል። እኔ ቴክኖ ነኝ፣ ከወዲሁ ይታወቅ፣ ያውም እዚሁ የተገጣጠመውን።

ካሜራ ባትሪ ምናምን ዩቱብ ላይ ሞልቷል፣ እኔ የማወራው ስለ ብር ነው። አምና ስልኬ ወድቆ ስክሪኑ ተሰበረ፣ መርካቶ ወስጄ በ3,200 ብር ቁጭ ብዬ አስቀየርኩት፣ ያዘዝኩትን ሻይ እንኳን አልጨረስኩም። የእህቴ ሳምሰንግ ሲሰበር ግን ኦርጅናሉ 11,000 ተባለችና ኮፒ ስክሪን አስገጠመች፣ በሁለት ወሩ ከግማሽ በታች ቢነኩት አልሰማ አለ።

ሳምሰንግ ጥራት አለው፣ አልክድም። ካርቶኑን ገልብጣችሁ እዩ፣ ብዙው ሜድ ኢን ቬትናም ነው። ሳምሰንጎች እዚያ ባክ ኒን የሚባል ቦታ ስልክ ማምረት የጀመሩት በፈረንጆቹ 2009 ነው፣ ያኔ ቬትናሞችም ያቀረቡት ርካሽ ጉልበት ነበር። በኋላ ግን ኢንጂነር አፈሩ፣ ዕቃ አቅራቢ ፋብሪካዎችም ተከትለው ገቡ፣ በ2022 መጨረሻ ሃኖይ ላይ 220 ሚሊዮን ዶላር የፈጀ የምርምር ማዕከል ተከፈተላቸው። የቴክኖው ባለቤት ትራንሽን እኛ ጋ መገጣጠሚያ የከፈተው በ2011 ነው፣ ሁለት ዓመት ብቻ ዘግይቶ እኮ ነው! ምርምሩ ግን ሻንጋይና ሼንዘን ቀረ፣ እኛ ጋ የደረሰው ካቻቢቴው ነው። የውጭ ባለሀብት የሚያመጣው ያገኘውን አይቶ ነዋ፣ ርካሽ እጅና ገበያ ብቻ ካገኘ መገጣጠሚያ ይተክላል፣ የተማረ ሰውና አቅራቢ ካገኘ ላብራቶሪም ይጨምራል። ለዚህ ነው በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 2016 መጨረሻ ጀምሮ ዶላሩ ከ57 ብር ተነስቶ 100 ሲያልፍ "የአገር ውስጥ" የተባለውም ስልክ አብሮ የተሰቀለው፣ የሚገጣጠመው ዕቃ በዶላር ነው የሚገባው።

ታዲያ ለምን ቴክኖ? ጠጋኙ ሁሉ ያውቀዋል፣ ዕቃው በየሱቁ አለ፣ የእናቴ ባለ በተን ስልክ ራሱ አማርኛ ይጽፋል። ሳምሰንግ ውሰዱ የምለው ስልክ ለማይጥል ሰው ብቻ ነው፣ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ከሁሉ በላይ ኮፒ ፍሩ። አንዴ "ከዱባይ የገባ" ተብዬ በ9,500 ብር ገዛሁ፣ 256 ጊጋ ይላል፣ ገና አስር ጊጋ ሳልሞላ የልጄ ልደት ፎቶዎች አልከፍት አሉ። ብር ሳትቆጥሩ *#06# ደውሉና የሚመጣውን የስልኩን መለያ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዩት። ሻጩ "ካርቶን ተቀያይሮ ነው" ካላችሁ ስልኩን ባንኮኒው ላይ ትታችሁ ውጡ።