የድሮ ስቴሪዮዬን ላዳኑልኝ ባለሙያ

ይህን ምስጋና የምጽፈው በዕድሜም በሙያም ለበሰሉ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያ ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሳ ስላልፈለጉ አልጠራቸውም፤ ሥራቸውን ግን ሳላመሰግን ማለፍ አይሆንልኝም።

የአምፕሊፋየሬ (የድምፅ ማጉያዬ) የቀኝ ድምፅ እየጠፋ ይመለስ ነበር። ስፒከሮቹ ወፍራም ድምፅ ሲመጣ ይንጣጣሉ። ሲዲ ማጫወቻው ደግሞ ዲስኩን ጥቂት ያሽከረክርና ማንበብ አቅቶት ይቆማል። ያማከርኳቸው ሁሉ «ጊዜው አልፎበታል፤ አዲስ ግዛ» ነበር የሚሉኝ። እኚህ ሰው ግን ሳይከፍቱ አልፈረዱም።

በመጀመሪያ የአምፕሊፋየሩ ትልልቅ ካፓሲተሮች፣ ማለትም ኤሌክትሪክ አጠራቅመው የሚይዙት ክፍሎች፣ ዕቃው ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ኃይል ይዘው ስለሚቆዩ፣ ያንን ኃይል በጥንቃቄ አስወገዱ። ከዚያ እንደ ማብሪያ ሆኖ ድምፁን ወደ ስፒከር የሚያሳልፈውን ሪሌ ፈትተው አሳዩኝ። ጥፍር የማያህሉት መገናኛዎቹ ጥላሸት መስለዋል። «ድምፁን የሚቆርጥብህ ይኸው ነው። ትራንስፎርመሩም ትራንዚስተሮቹም ደህና ናቸው» አሉኝ። ሪሌውን ቀየሩ፤ የተሰነጠቁ የብየዳ ነጥቦችን አደሱ፤ ካፓሲተሮቹን እየለኩ የደከሙትን ብቻ ለወጡ። ያልተበላሸ ዕቃ አለመንካታቸውን በጣም ወደድኩላቸው።

ስፒከሮቹ ላይ የሚርገበገበው ወረቀትም ከኋላው ያለው የሽቦ ጥቅልልም ጤነኛ ነበሩ። ያረጀው ወረቀቱን ዙሪያውን የያዘው የስፖንጅ ቀለበት ነው፤ በጣታቸው ነካ ሲያደርጉት እንደ ዱቄት ረገፈ። ስፖንጅ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚበሰብስ፣ የጎማው ግን ይበልጥ እንደሚቆይ ነገሩኝ። ጥቅልሉ ማግኔቱን እንዳይፋቅ ወረቀቱን መሃል ለመሃል እያስተካከሉ አዲስ ቀለበት አጣበቁለት።

ከሁሉ በላይ ያከበርኳቸው በሲዲ ማጫወቻው ነው። የሚያነበው የሌዘር ዓይን ደክሟል፤ ለዚህ ሞዴል የሚሆን አስተማማኝ መለዋወጫም የለም። «ለዚህ ገንዘብህን አታውጣ፤ ሌላ ግዛ» አሉኝ። ሊያገኙት የሚችሉትን ገቢ ለእውነት ሲሉ ተዉት። አምፕሊፋየሩን ግን «እንዳትጥለው» ብለው አጥብቀው ነገሩኝ። የሸክላ ማጫወቻ በቀጥታ የሚሰካበት መግቢያ አለው፤ ይህ ደግሞ በአዳዲሶቹ ሁሉ ላይ የሚገኝ አይደለም።

አሁን ሁለቱም ጎኖች እኩል ይናገራሉ። የቮልዩሙ መንኮሻኮሽም ለመገናኛ ማጽጃ በተሠራ ፈሳሽ ከተጠረገ በኋላ ጠፍቷል።

ዕቃ ለመጣል ያሰበ ሰው ካለ ይጠይቀኝ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኘዋለሁ። ሲሄድ አምፕሊፋየሩንም ስፒከሮቹንም አብሮ ይውሰድ። ከዚያ በፊት ግን ያስቸገረው የአንድ ጎን ድምፅ ብቻ ከሆነ ኤሌክትሪኩን አጥፍቶ የግራና የቀኙን የስፒከር ሽቦ ከአምፕሊፋየሩ በኩል ያቀያይር። ችግሩ ወደ ሌላኛው ስፒከር ከዞረ ከአምፕሊፋየሩ ወይም ከዚያ በፊት ካለው ዕቃ ነው፤ ባለበት ከቀረ ከስፒከሩ ወይም ከሽቦው ነው። ይህን ይዞ ለሄደ ሰው ምርመራው ይፈጥንለታል።

እጅዎ ይባረክ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።