«ለጀማሪ የሚሆን» የፒፓ ትምባሆ፦ ድሬ ላይ እንዳትሸወዱ

ፒፓ ልሞክር ብላችሁ ታይዋን ገበያ ወይም ከፊራ ጎራ ልትሉ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ብር ከኪሳችሁ ከማውጣታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። በላስቲክ ተቋጥሮ «ለስላሳ ነው፣ ለጀማሪ ነው» እየተባለ የሚሸጠውን አትግዙ። እስካሁን እጄ ከገባው አንዱም የፒፓ ትምባሆ አልነበረም።

ጀምሩ እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። «ጭሱ ሳንባ ስለማይገባ ፒፓ አይጎዳም» የሚሉት ውሸት ነው። የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ያመጣል። ኒኮቲኑም በአፍ በኩል ደም ውስጥ ይገባል፣ ሱስ ያስይዛል። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥ ደግሞ በሕግ ክልክል ነው። ይህን ሁሉ አውቆ «የራሴ ጉዳይ ነው» የሚል አዋቂ ግን ቢያንስ የከፈለበትን ነገር ያግኝ።

በቅርቡ የአክስቴ ልጅ 2,500 ብር ከፍሎ ፒፓ፣ ላይተርና አንድ ከረጢት ትምባሆ ይዞ መጣ። ሻጩ «አቦ፣ ይሄ በጅቡቲ የገባ ኦርጅናል ነው፤ ቫኒላ ነው፣ ምላስ አያቃጥልም» ብሎታል። ከረጢቱን ከፍቼ ሁለት ጣቴን ሰደድኩ። ተጣበቀብኝ። ከላይ ደረቅ የሲጋራ ትምባሆ ነስንሰውበታል፤ ከስር ያለው ቀላ ያለ፣ እርጥብ፣ ሲጨመቅ ፈሳሽ የሚያወጣ ነገር ነው። ሽታው ቫኒላ እንኳን አይደለም፣ አፕል ነው። የሺሻ ትምባሆ!

የሺሻ ትምባሆ በሞላሰስና በግሊሰሪን የተነከረ ነው። የተሠራው ከላዩ ፍም ተቀምጦበት ቀስ ብሎ እንዲግል እንጂ ራሱ እንዲነድ አይደለም። ፒፓ ውስጥ ከተጠቀጠቀ ይለኮሳል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይለኮሳል። ፈሳሹ ይፈላና መምጠጫው ውስጥ ይንቦጫቦጫል። ወደ አፍ የሚመጣው ትኩስ እንፋሎት ምላስ ይልጣል፤ ልጁ በርበሬ የነካው ነገር መቅመስ አቅቶት ሰነበተ። ያረረው ስኳር ደግሞ የፒፓው ሆድ ውስጥ ተጋግሮ ይቀራል።

ሄዶ እንዳይከራከር ደረሰኝ የለውም። ሊኖረውም አይችልም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ሺሻንም ጣዕም የተጨመረበትን ትምባሆም ከልክሏል። ስለዚህ «ቫኒላ»፣ «ቼሪ» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ነገ ስትመለሱ «መቼ ከእኔ ገዛህ?» ቢላችሁ አይግረማችሁ። በሕግ የገባ ትምባሆ የማሸጊያውን ፊትና ጀርባ 70 በመቶ የሚሸፍን ባለ ሥዕል ማስጠንቀቂያ ሊኖረው ይገባል። አገላብጡና እዩ። የገበያው ነጋዴ ሁሉ አጭበርባሪ ነው አልወጣኝም፤ ላስቲክ የሚቋጥረውን ነው የምለው።

በቆርቆሮ የታሸገ ስለሆነ ብቻም አትመኑ። የፒፓ ትምባሆ ብዙ ጊዜ የሚታሸገው በ50 ወይም በ57 ግራም ገደማ ቆርቆሮ ነው። ክቡ ቆርቆሮ አየሩ ተመጦ የተዘጋ ስለሆነ ክዳኑን በሳንቲም ጫፍ ፈልቀቅ ስታደርጉት «ፍስስ» ይላል። ተከፍቶ ሌላ ነገር የተሞላበት ቆርቆሮ ድምፅ የለውም፤ ክዳኑም ገና በእጅ ሲነካ ይዞራል። «ዘንድሮ የገባ ዳንሂል» ለሚላችሁ ደግሞ ሳቁለት። በዚያ ስም የፒፓ ትምባሆ መመረት የቆመው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቅንብሮቹ ከ2019 ጀምሮ የሚወጡት በፒተርሰን ስም ነው።

የድሬ ሙቀትም አለ። ተከፍቶ የተቀመጠ ትምባሆ እዚህ ቶሎ ይደርቃል። ሻጩ ክብደቱ እንዲመለስለት ውሃ ይረጭበታል፣ ከዚያ ይሻግታል። ቆንጠር አድርጋችሁ በሁለት ጣት ጫን በሉት። ዱቄት ከሆነ ደርቋል። ተጣብቆ ከቀረ በጣም ረጥቧል። ተጭኖ ቀስ እያለ ከተፈታ ደህና ነው።

ደግሞስ «የጀማሪ» የሚባል ቅጠል የት አለ? ቨርጂኒያ የሚባለው ቅጠል ጣፈጥ ይላል፤ ግን ቶሎ ቶሎ ከተሳበ ምላስ ያቃጥላል። ቡርሊ ስኳሩ ትንሽ ነው፣ ለውዝ ለውዝ ይላል። ላታኪያ በጭስ የታጠነ ስለሆነ ሽታው በወይራ እንደታጠነ የወተት ዕቃ ነው፤ የማያውቅ ሰው ተቃጥሏል ብሎ ይጥለዋል። ፔሪክ ኃይለኛ ነውና ለመጀመሪያ ቀን አይሆንም። እውነተኛ ቆርቆሮ ላይ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ የትኛው እንዳለበት ተጽፏል። ሻጩን «ቅጠሉ ምንድነው?» በሉት። መልሱ «ኦርጅናል ነው» ከሆነ ሰላም ብላችሁ ሂዱ።

አብሮ የሚሸጠው ፒፓም ያው ነው። ውስጡ በጥቁር ቀለም ተቀብቶ የሚያብረቀርቅ ከሆነ፣ እሳት ሲነካው የምትስቡት ቀለሙን ነው። በጥፍራችሁ ጫር አድርጉት። ደህናው ፒፓ የሚቀረጸው ከአስታ ሥር ጉጥ ነው። አዎ፣ ባሌና ሰሜን ተራራ ላይ የሚበቅለው አስታ፤ ለፒፓ የሚውለው ግን ከሜዲትራኒያን አካባቢ የሚመጣው ነው።

ከረጢቱን ገዝታችሁ ከሆነ «አስጥቼ ላድነው» አትበሉ፤ ግሊሰሪን በፀሐይ አይደርቅም። ጣሉት። ለሌላ ጀማሪ በግማሽ ዋጋ እንዳታሻግሩት።