የጠፈር መንኮራኩር ሞዴል ማቆሚያ፦ እንጨት፣ አክሪሊክ ወይስ ብረት? አዳማ ላይ ለምታሠሩ

ሞዴሉ ተገጣጥሟል። ቀለሙም ደርቋል። የቀረው የት ይቀመጥ የሚለው ነው። ቡፌ ላይ በሆዱ የተኛ የጠፈር መንኮራኩር ዓይን አይሞላም። ስንት ሌሊት የተለፋበት ሥራ ከሪሞትና ከቁልፍ ጋር ተደባልቆ ይቀራል። ሳጥኑ ውስጥ አብሮ የሚመጣው ማቆሚያ ደግሞ፣ ከመጣም፣ ብዙ ጊዜ ቀጭን ፕላስቲክ ነው። ስለዚህ ማሠራት ነው።

አዳማ ላይ በራቸው የሚንኳኳው አራት ናቸው፦ እንጨት ቤት፣ አክሪሊክ (መስታወት የሚመስል ፕላስቲክ) የሚቆርጡ የማስታወቂያ ቤቶች፣ ብረታ ብረት ቤት እና ስሪዲ ፕሪንተር (ከኮምፒውተር የተሳለ ቅርጽ በፕላስቲክ የሚያትም ማሽን) ያለው ሰው። ፍርዴን ከአሁኑ ልናገር። እንጨት መሠረት ላይ የተተከለ የብረት ዘንግ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል፤ በወጪም በዕድሜም የሚስተካከለው የለም። አክሪሊክ ፏ ያለ ነው፤ ግን ከአዳማ አቧራ ጋር አይስማማም። ስሪዲ ለብቻው አይነፋም፤ ለአንዲት ትንሽ ክፍል ግን ወደር የለውም።

መጀመሪያ ሞዴላችሁን እወቁት

ስኬሉን፣ ማለትም ሞዴሉ ከእውነተኛው ስንት ጊዜ እንደሚያንስ፣ ሳጥኑ ላይ እዩ። የአሜሪካ ስፔስ ሸትል 37.2 ሜትር ይረዝም ነበር። በ1፡144 ሲሠራ 26 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ በ1፡72 ደግሞ 52 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ርዝመቱ እጥፍ ሆነ ማለት ግን ክብደቱም እጥፍ ብቻ ሆነ ማለት አይደለም። የፕላስቲኩ ውፍረት እኩል ቢሆን እንኳ የሚሸፍነው ስፋት አራት እጥፍ ነው። ለትንሹ የበቃው ማቆሚያ ትልቁን ይዞ ይወድቃል።

በ1969 እ.ኤ.አ. አፖሎ 11ን ወደ ጨረቃ ያስወነጨፈው ሳተርን 5 ሌላ ጣጣ አለው። ቁመቱ 110.6 ሜትር ስለነበር በ1፡144 እንኳ 77 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። እሱ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም የሚፈልገው ዘንግ ሳይሆን ሰፊና ከባድ መሠረት ነው። የሌጎው ሳተርን 5 ያለው ሰው ግን ገንዘቡን ይቆጥብ። 1 ሜትር የሚረዝመው ይህ ሞዴል አግድም የሚያስተኙት ድጋፎች አብረውት ይመጣሉ። ቁራጮቹ 1,969 ናቸው፤ ቁጥሩ ከዓመቱ ጋር የገጠመው እንዲያው በአጋጣሚ አይደለም።

ቀጥሎ ሚዛኑን ፈልጉ። ወፈር ያለ ክር በሆዱ ዙሪያ አስራችሁ ቀስ ብላችሁ አንሱት። በአፍንጫው ከደፋ ክሩን ወደፊት፣ በጭራው ከደፋ ወደኋላ አንሸራቱት። ሳይደፋ አግድም የተንጠለጠለበት ቦታ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉ። ዘንጉ የሚገባው እዚያ ነው። ሸትል ላይ ይህ ነጥብ ብዙ ጊዜ ከመሃል ወደ ሞተሮቹ ያደላል፤ ክንፉም ጭራውም እዚያ ነውና። በዓይን ለክቶ መሃሉን የበሳ ሰው ጭራውን የሚጎትት መንኮራኩር ይተርፈዋል።

ለመሆኑ ሞዴሉን ለመብሳት ልባችሁ ይፈቅዳል? ገና ያልተገጠመ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ሁለቱ ግማሾች ሳይዘጉ ውስጥ አንድ ዳዶ በኢፖክሲ ትለጥፋላችሁ፤ ከውጭ የሚታየው ቀዳዳው ብቻ ይሆናል። ጥርስ የወጣለት ዘንግ ይጠመዘዝበታል። ከተዘጋ በኋላ ከሆነ ግን ሳይበሱ ከሥር አቅፎ የሚይዝ ማቀፊያ ይሻላል። በሞተሩ አፍ ዘንግ ማስገባት የሚወዱም አሉ። እሳት የሚተፋ ያስመስለዋል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ዘንጉ ከሚዛኑ ነጥብ ስለሚርቅ ክብደቱ ሁሉ የሞተሩ ሙጫ ላይ ይወድቃል። ለቀላል ሞዴል ብቻ ይሁን።

እንጨት

የእንጨት ትልቁ ጥቅም ባለሙያው ቅርብ መሆኑ ነው። ከአልጋና ከቁም ሳጥን የተረፈ ቁራጭ ጣውላ እንጨት ቤት አይጠፋም፤ ለእናንተ የሚበቃው ደግሞ ቁራጭ ነው። ዋንዛ ከተገኘ ዋንዛ ውሰዱ። ለመላግ አያስቸግርም፣ ብዙ አይጣመምም፣ ቫርኒሽ ሲቀባ መልኩ ይወጣል። ባሕር ዛፍ ቢሰጧችሁ ይቅርባችሁ፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራ ጣውላ) ልሙጥ ስለሆነ ጥቁር ቀለም ለሚፈልግ ሰው ጥሩ ነው። ውሃ ከጠጣ ግን ያብጣል፤ ጠርዙ ላይ ቪቴ ሲገባበትም ይሰነጠቃል።

እንጨት ላይ ሥራው የሚበላሸው ቀዳዳው ላይ ነው። መንኮራኩር ቀጥ ብሎ አግድም ሲቀመጥ የቆመ አውቶቡስ ይመስላል። አፍንጫው ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ቀና ሲል ነው ሊነሳ ያለ የሚመስለው። ስለዚህ ዘንጉም በዚያው ልክ መዘንበል አለበት። አናጺው ትራፓኖውን በእጁ አዘንብሎ "ይኸው ወንድሜ፣ በቃ" ቢላችሁ እሺ አትበሉ። ከሞራሌ ቁራጭ 20 ዲግሪ የተዳፋ ሽብልቅ ይቁረጥላችሁ። መሠረቱን ሽብልቁ ላይ አስቀምጦ ትራፓኖውን ከላይ ቀጥ አድርጎ ይብሳ። ሥራው ቀላል ነው፤ ውጤቱ ግን ልክ ይሆናል።

አብዛኛው ሰው የሚረሳው ሌላ ነገር አለ። ዘንጉ ካዘነበለ ቀዳዳው መሃል ላይ መሆን የለበትም። 20 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ዘንግ በ20 ዲግሪ ሲያዘነብል ጫፉ ከሥሩ ወደ 7 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። አፍንጫው ቀና ያለ መንኮራኩር ላይ የሚርቀው ወደ ጭራው በኩል ነው። ስለዚህ ቀዳዳውን ከመሠረቱ መሃል 7 ሴንቲ ሜትር ወደ አፍንጫው በኩል አስጠጉት። ያኔ የሞዴሉ ክብደት በትክክል መሃሉ ላይ ያርፋል። ይህ ካልተደረገ መሠረቱ ሰፊ ቢሆን እንኳ ሕፃን በሮጠ ቁጥር ልባችሁ እንደተሰቀለ ነው።

ቫርኒሹ ሽታው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ድረስ ሞዴሉን አታስቀምጡበት። የሟሟው ትነት የፕላስቲኩን ቀለም ሊያበላሽ ይችላል። ከመሠረቱ ሥር የወፍራም ጨርቅ ቁራጭ ለጥፉ፤ ቡፌውን እንዳይጭር።

አክሪሊክ

አክሪሊክ ላይ የማስታወቂያ ቤቶቹ ጎበዞች ናቸው። ሌዘር ያላቸው ልክ በልክ ይቆርጣሉ። የሞዴላችሁን የሆድ ቅርጽ ወረቀት ላይ አንስታችሁ ብትወስዱ ሁለት ማቀፊያ ቆርጠው ይሰጧችኋል። ሳይበሱ ለማቆም ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ከርቀት ሲታይ ሞዴሉ አየር ላይ የቆመ ይመስላል። ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግን ይወዛወዛል። 5 ወይም ከዚያ በላይ ጠይቁ።

አዳማ ነፋስ እንዳላት ለአዳማ ሰው አይነገርም። ኮረብታው ላይ የቆሙት የአዳማ አንድ 34 እና የአዳማ ሁለት 102 ተርባይኖች ለጌጥ አልተተከሉም። ነፋሱ ደግሞ ባዶ እጁን አይገባም፤ አቧራ ይዞ ነው። አክሪሊክ በደረቅ ጨርቅ ሲታሽ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዝና አቧራውን መልሶ ይስባል። ጠዋት የጠረጋችሁት ከሰዓት ግራጫ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በዚያ ላይ የአቧራው ቅንጣት ጨርቁ ሥር ገብቶ ይጭረዋል። መፍትሔው ትንሽ ሳሙና ያለበት ውሃና ለስላሳ እርጥብ ጨርቅ ነው። በአልኮል እንዳትሞክሩት። በተለይ በሌዘር የተቆረጠው ጠርዝ አልኮል ሲነካው ፀጉር የሚያካክሉ ስንጥቆች ያወጣል። በሱፐር ግሉ ማጣበቅም ጥሩ አይደለም፤ ዙሪያውን ነጭ ጭጋግ ያለብሰዋል። የአክሪሊክ ማጣበቂያ ያለው ባለሙያ ያጣብቀው።

እኔ አክሪሊክን የምመርጠው ለሽፋን ነው። ሥሩ ክፍት የሆነ ሳጥን አሠርታችሁ ከላይ ድፉበት። እንጨቱ መሠረት ላይ ዙሪያውን ቦይ ከወጣለት ሳጥኑ እዚያ ገብቶ ይቀመጣል። ሞዴሉን እየደጋገሙ ከመጥረግ ይገላግላል። የሞዴል አንቴና የሚሰበረው ደግሞ ሲጠረግ ነው።

ብረት

ብረት ጥንካሬው ሌላ ነው። ውፍረታቸው እኩል የሆኑ የብረትና የአክሪሊክ ዘንጎች እኩል ክብደት ቢጫንባቸው አክሪሊኩ 60 ጊዜ ያህል አብልጦ ይታጠፋል። ለዚህ ነው ግልጽ የፕላስቲክ ዘንግ ላይ የተሰካ ከባድ ሞዴል በር ሲዘጋ የሚንቀጠቀጠው። ውፍረት ላይም ቆጣቢ አትሁኑ። 4 ሚሊ ሜትር የነበረውን ዘንግ 6 ብታደርጉት ጥንካሬው አምስት እጥፍ ይሆናል። የዋጋ ልዩነቱ ግን ይህን ያህል አይደለም። የአርማታ ፌሮ አይሁን፤ ጎድጓዳው አያምርም፣ ቀዳዳም በልኩ አይሞላም። ልሙጥ ዘንግ ጠይቁ። ቶርኖ ቤት ጫፉ ላይ ጥርስ ካወጣለት ዳዶው ውስጥ ይገባል።

መሠረቱንም ከብረት ላድርገው ለሚል ሰው ስሌቱ ይህ ነው። 20 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 6 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ላሜራ 1.4 ኪሎ ይመዝናል። በዚያው ስፋት 2.5 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር ዋንዛ ከግማሽ ኪሎ በታች ነው። ስለዚህ ለ52 ሴንቲ ሜትሩ ሸትል ወይም ለረጅሙ ሮኬት ብረት መሠረት ያስኬዳል። ለትንሹ ግን ትርፍ ሸክም ነው። ዘንጉን መሠረቱ ላይ አታስበይዱት። ከሥር በዳዶና በሮንዴላ ይታሰር። ተከራይ ሰው ቤት መቀየሩ አይቀርም፤ ተፈትቶ ካርቶን ውስጥ የሚገባ ማቆሚያ ይሻለዋል። ዝገት መከላከያ ቀለም ሳይቀባ ወደ ቤት አታስገቡት።

ስሪዲ ፕሪንት

ሰው በዚህ ይማረካል። ኮምፒውተር ላይ የተሳለው ቅርጽ በማግስቱ እጃችሁ ሲገባ ደስ ይላል። ችግሩ ብዙዎቹ የሚያትሙበት ፒኤልኤ የተባለ ፕላስቲክ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መለስለሱ ነው። በአዳማ ፀሐይ መስኮቱ ተዘግቶ የቆመ መኪና ውስጥ ተዉት፤ ስትመለሱ ጎብጦ ይጠብቃችኋል። በጠዋት ፀሐይ መስኮት ዳር የሚቀመጥ ጥቁር ቀለም ያለው ክፍልም በጊዜ ብዛት ይንጋደዳል። ፒኢቲጂ የተባለው ወደ 80 ዲግሪ ስለሚችል እሱን ጠይቁ። ከሁሉም የሚበጀው ግን ማቆሚያውን በሙሉ ሳይሆን የዘንጉ ጫፍ ላይ የምትገባውን፣ የሞዴሉን ሆድ ቅርጽ የያዘችውን ትንሽ ኮፍያ ብቻ ማሳተም ነው። እንጨትም ብረትም እንደዚያ አድርገው አይገጥሙም።

በዓሣ ማጥመጃ ክር ኮርኒስ ላይ መስቀል የሚያስቡም አሉ። መስኮት በተከፈተ ቁጥር ይሽከረከራል፤ ስስ ኮርኒስም ክብደቱን አይችልም። ለወረቀት ሞዴል ካልሆነ ይቅር።

ስታዙ

ዋጋው እንደ ዕቃውና እንደ ሰፈሩ ስለሚለያይ ቁጥር አልጠቅስም። በአብዛኛው ግን ርካሹ ቁራጭ እንጨትና ዘንግ ነው፤ የአክሪሊክ ሳጥን ሲጨመርበት ከፍ ይላል። ሳጥኑን ከሌላው ጋር በአንዴ አታሠሩ። መጀመሪያ ማቆሚያው ይለቅ፣ ሞዴሉ ይሰካበት፣ ከዚያ ከክንፍ እስከ ክንፍና እስከ ጭራው ጫፍ ለክታችሁ በየጎኑ 3 ሴንቲ ሜትር ጨምራችሁ እዘዙ።

ሞዴሉን ሱቅ ትታችሁ አትሂዱ። የሆዱን ቅርጽ ከካርቶን ቆርጣችሁ፣ የሚዛኑን ነጥብ ምልክት አድርጋችሁበት እሱን ስጧቸው። ልኩን "ወደዚህ ገደማ" ብላችሁ ሳይሆን በሚሊ ሜትር ጽፋችሁ። አፍንጫው ወደየት እንደሚያይ በቀስት አሳዩ፤ ካልሆነ ያ 7 ሴንቲ ሜትር በተቃራኒው በኩል ተበስቶ ታገኙታላችሁ። የዘንጉን ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱና ፑንታውን በሱ ልክ ይምረጡ። ቫርኒሹ ከመቀባቱ በፊትም ዘንጉ ቀዳዳው ውስጥ ሲገባ በዓይናችሁ እዩ። የሚነቀንቅ ከሆነ ያን ጊዜ በኮላና በእንጨት ብናኝ ይሞላል፣ እንደገና ይበሳል። ከተቀባ በኋላ "ትንሽ ነው፣ አይታይም" ነው መልሱ።